አንድ ገንዳ፣ ሦስት ትርጉም

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ1520 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል አገራችን የተቀመጠ ሰው ነው። ብዙ ያያል፣ ያየውንም ይጽፋል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ለአውሮፓ አንባቢ በጽሑፍ ያስተዋወቀ እሱ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በገባ በዘጠነኛው ወር፣ በጥር 1513 ዓ.ም. (1521 እ.ኤ.አ.)፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በሰፈሩበት ሰፈር አንድ ጉድ አየ። ለእኛ ጉድ አይደለም፤ ጥምቀት ነው። ለእሱ ግን ጉድ ነበር።

ያየውን እንደ መሐንዲስ አድርጎ ነው የጻፈው። መሬቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ተቆፍሯል፤ ውስጡ በሳንቃ ተለብጧል፤ በሳንቃው ላይ ደግሞ ሰም የጠጣ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፏል። ውሃው ከወንዝ በቦይ ተጠልፎ ይመጣና እንዲጣራ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አልፎ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ገንዳው ውስጥ የንጉሡ መምህር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ እስከ ትከሻቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሽማግሌው በብርድ ሊሞቱ ደርሰዋል። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱና ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ቀድመው ተጠምቀዋል፤ ከዚያ ሕዝቡ በደረጃ እየወረደ ወደ ቄሱ ይቀርባል። ቄሱም እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው ሦስት ጊዜ ያጠልቁታል፤ የሥላሴንም ስም ይጠራሉ።

አልቫሬዝ ይህን ሲያይ አንድ ቃል ነው የመጣለት። ዳግም ጥምቀት! እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ እንደገና ይጠመቃሉ!

ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት የእንግዳውን ሐሳብ ማወቅ ፈለጉና «እንዴት አየኸው?» ብለው አስጠየቁት። አልቫሬዝም በጨዋ አነጋገር ተቃወመ። በኒቅያ ጉባኤ ስም በሚጠራው ጸሎተ ሃይማኖት ጥምቀት አንዲት ብቻ እንደሆነች እንናገር የለም ወይ? አንዴ የተጠመቀ ሰው ለምን ይደገማል? ዐፄ ልብነ ድንግል የመለሱት መልስ የሚገርም ነው። ክርስቲያን ሆኖ ኖሮ እምነቱን የለወጠ ሰው ተጸጽቶ ሲመለስ ምን ይደረግ? በጥምቀቱስ በደንብ ያላመነ ሰው ምን ይሁን? አሉት። አልቫሬዝ የአገሩን ሥርዓት ነገራቸው። የማያምኑትን ማስተማርና መለመን ነው፤ ትምህርቱ ካልጠቀመ ግን እንደ መናፍቅ በእሳት ማቃጠል ነው፤ በፈረንጅ አገር የሚደረገው ይኸው ነው አላቸው። ንጉሡም ነገሩ መልካም መሆኑን ካመኑ በኋላ፣ ይህን ጥምቀት ግን አያታቸው በታላላቅ ሊቃውንት ምክር እንደሠሩት ነገሩት። ምክንያቱም ብዙ ነፍስ እንዳይጠፋ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሁለት ሰዎች አንድ ገንዳ ላይ ቆመው ያወራሉ። አንደኛው የሚያየው የተሻረ ሕግ ነው። ሌላኛው የሚያየው የጠፋ ሰው የሚመለስበት በር ነው። ለተመለሰውም ላልተመለሰውም የሚሆነው ነገር ይለያያል፤ በአንደኛው አገር ውሃ፣ በሌላኛው እሳት። ክርክሩ የትርጉም ክርክር ነው፤ ግን የሰው ሕይወት አለበት።

ለመሆኑ ገንዳው ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?

ከቃሉ እንጀምር። ወንጌል መጀመሪያ በተጻፈበት በግሪክኛ ለጥምቀት የተወሰደው ግሥ መንከር፣ ማጥለቅ፣ መዝፈቅ ማለት ነው። መርከብ ባሕር ውስጥ ሲሰጥምም በዚያው ቃል ይጠሩታል። እኛም ዘንድ «ጠመቀ» ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ እማማ ጠላ የሚጠምቁበት ጓዳ ድረስ ይገባል። ቃሉ ራሱ የቤት ቃል ነው። ከበድ ያለው ነገር የመጣው በላዩ ላይ ከተጫነው ትርጉም ነው።

ያ ትርጉም ደግሞ ከመጀመሪያውም አንድ አልነበረም። በዮሐንስ ወንጌል ኒቆዲሞስ በሌሊት መጥቶ ሲጠይቅ የሚነገረው ስለ መወለድ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ማሕፀን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ውሃው መቃብር ይሆናል፤ የገባው ሰው ከክርስቶስ ጋር ተቀብሮ ይነሣል። ይኸው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እስራኤል የተሻገሩትን የኤርትራን ባሕር ጥምቀት ብሎ ይጠራዋል፤ እንግዲህ ውሃው ከባርነት መውጫ መንገድ ሆነ ማለት ነው። በጴጥሮስ መልእክት ደግሞ የኖኅ ዘመን ውሃ ይመጣል፤ ዓለምን ያጠፋ፣ ስምንት ነፍስ ግን በመርከብ ተሸክሞ ያሻገረ ውሃ። ማሕፀንና መቃብር፣ መጥፊያና መዳኛ። እነዚህ እርስ በርስ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ መጻሕፍቱ ግን አንዱን መርጠው ሌሎቹን አልጣሉም።

የእኛ አገር የትርጓሜ መምህራን ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተመቸ አንዲት ቃል ነበረቻቸው። «አንድም።» መምህሩ አንድ ንባብ ያነብና ፍቺውን ይሰጣል፤ ቀጥሎ «አንድም» ይልና ሁለተኛውን ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ። ዮርዳኖስን እንዴት እንደተረጎሙት ተመልከቱ። ወንዙ ከላይ ምንጩ አንድ ነው፤ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በታች ተመልሶ ይገናኛል ይላሉ። ሰውም በአዳም አንድ ነበር፤ በግዝረትና በቁልፈት፣ ማለትም እስራኤልና አሕዛብ ተብሎ ተለያየ፤ ክርስቶስ የተጠመቀውም ከተገናኙበት ነው፤ በእሱ አንድ ሆኑና። አንድም፣ ዲያብሎስ አዳምና ሔዋንን አታልሎ ያስጻፋቸውን የዕዳ ደብዳቤ አንዱን በዮርዳኖስ ደብቆት ነበር፤ ክርስቶስ ወደ ውሃው የገባው እሱን ሊደመስስ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ወንዙ እንዲህ አይፈስም ቢል ይችላል። መምህራኑ ግን ካርታ እየሠሩ አልነበረም። የሰውን ልጅ መለያየትና መገናኘት በወንዝ አምሳል እያስተማሩ ነበር።

ሕፃናት ክርስትና የሚነሡበትም ቀን ቢሆን በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ለወላድ እናት የደነገገው የመንጻት ቀን አለ፤ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ አዳም በተፈጠረ በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ገነት ገቡ ይላል። እንግዲህ ሕፃኑ ወደ ውሃው ሲገባ ቤተሰቡ ዘንድ አዳም ወደ ገነት እየተመለሰ ነው። ማዕተቡ ይታሰራል፣ ሜሮኑ ይቀባል፣ የክርስትና ስም ይወጣል። ይህ አንዴ ነው የሚደረገው። አይደገምም። ሃይማኖቱን ለቅቆ ለተመለሰ ሰው እንኳ የተሠራው ሥርዓት ሌላ ስምና ሌላ መጽሐፍ አለው፤ ቄደር ይባላል፤ ጥምቀት አይባልም።

ታዲያ የጥር 11ዱ ምንድን ነው?

በዋዜማው ታቦት ከመንበሩ ወጥቶ፣ ሕዝብ አጅቦት፣ ወደ ውሃ ይወርዳል። ቀኑ «ከተራ» ይባላል፤ ውሃ መከተር፣ መገደብ ማለት ነው። አልቫሬዝ የጻፈው የተቆፈረ ገንዳና የተጠለፈ ቦይ በስሙ ውስጥ አለ ማለት ነው። ታቦቱ ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ክርስቶስ ከገሊላ ወደ ዮርዳኖስ የወረደበት ጉዞ ምሳሌ ነው። ሲነጋ ውሃው ይባረካል፣ ይረጫል፣ የፈለገም ይዋኝበታል። በአገሩ ሰው ዓይን ያ ሁሉ ሕዝብ ዮርዳኖስ ዳር ቆሞ ነበር። በእንግዳው ዓይን ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ሕግ እያፈረሰ ነበር።

አልቫሬዝን ግን አንውቀሰው። ያየውን ነው የጻፈው፤ ራስ ላይ እጅ ሲጫን፣ ሦስት ጊዜ ሲጠለቅ፣ ስመ ሥላሴ ሲጠራ አይቷል። ከውጭ ሲታይ ከጥምቀት ምን ይለየዋል? ደግሞም ንጉሡ የሰጡት መልስ «ይህ መታሰቢያ ነው» የሚል አልነበረም።

ያን መልስ የሰጠው ሌላ ሰው ነው። የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመለሱ ዐፄ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የሚባል ካህን መልእክተኛ አድርገው አብረው ላኩ። ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ገባ። መከራው የጀመረው እዚያ ነው። የአገሩ የነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ ግዝረት፣ ስለ ቅዳሜ ሰንበት፣ ስለ ጥምቀት እየጠየቁ አፋጠጡት፤ ቅዱስ ቁርባን እንኳ ከለከሉት። በ1534 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ጻፈ፤ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የሚባለው ፖርቱጋላዊ ምሁር ወደ ላቲን መለሰውና በ1540 ሉቨን ከተማ ላይ አሳተመው። ጸጋ ዘአብ ስለ ጥምቀት በዓል ሲጽፍ በየዓመቱ ውሃ የምንገባው ለመዳን ያስፈልጋል ብለን አይደለም፤ ለመድኃኒታችን ክብርና ምስጋና ነው የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ይኸውላችሁ ሦስተኛው ትርጉም። ለአልቫሬዝ የተደገመ ጥምቀት፣ ለንጉሡ የጠፉት የሚመለሱበት ውሃ፣ ለጸጋ ዘአብ ምስጋና። ልብ በሉ፤ ንጉሡና የገዛ መልእክተኛቸው እንኳ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

ጸጋ ዘአብ ያን ያህል የተጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ «ዳግም ጥምቀት» የሚለው ቃል አንገት ያስቆርጥ ነበር። ሕፃን ሳለ የተጠመቀ አልተጠመቀም፤ አምኖ ሲጠይቅ ነው ሊጠመቅ የሚገባው የሚሉ ሰዎች ዙሪክ ላይ በ1525 ተነሥተው ነበር። ለእነሱ ውሃው የግለሰቡ ምስክርነት ነው፤ መመስከር የማይችል ሕፃን ምኑን ይመሰክራል? ለከተማው ሹማምንትና ለተሐድሶው መሪ ለዝዊንግሊ ግን ጥምቀት እንደ ኦሪቱ ግዝረት የቃል ኪዳን ምልክት ነው፤ ሕፃኑን የማኅበረሰቡ አባል ያደርገዋል። ከሁለቱም ወገን መጽሐፍ ይጠቀሳል። በጥር 1527 ከዳግም አጥማቂዎቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ፌሊክስ ማንዝ እጅና እግሩ ታስሮ ሊማት ወንዝ ውስጥ ተጣለ። ውሃ ነው የፈለግኸው? ይኸው ውሃ! እንደማለት ነበር። የሕይወት ምሳሌ የነበረው ውሃ የሞት ፍርድ መፈጸሚያ ሆነ። በ1529 የጀርመን የንጉሠ ነገሥት ግዛት መሳፍንት ሽፓየር ላይ ተሰብስበው ዳግም ጥምቀትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረጉት። ጸጋ ዘአብ ብዕሩን ባነሣበት በ1534 ደግሞ ዳግም አጥማቂዎች ሙንስተር የምትባለዋን የጀርመን ከተማ ይዘው አውሮፓ ትታመስ ነበር። እንግዲህ የእኛ ሰው አገሩን ከምን ዓይነት ስም ሊያድናት ይታገል እንደነበረ ይታያችሁ። መጽሐፉ ግን ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስም ተመሳሳይ ሙግት ገጥሟቸው ነበር። በ1555 እ.ኤ.አ. በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት እኛ ዘንድ የኦሪት ሥርዓት አይደለም፤ ኢትዮጵያና ኖባ ውስጥ ፊት እንደሚበጣው ያለ የአገር ልማድ ነው ሲሉ አስረዱ። ሁለቱም፣ ካህኑም ንጉሡም፣ የሚሉት ነገር አንድ ነው። ድርጊቱን አይታችሁ አትፍረዱ፤ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁን።

ጠያቂ ጠፋ። ወይም ጠያቂው ሞተና የማይጠይቅ መጣ።

ጠያቂው ፔድሮ ፓኤዝ ነበር። በ1603 የገባው ይህ ኢየሱሳዊ ግእዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ የአገሩን ሰው ጠባይ አጥንቶ፣ በቀስታ የሚሄድ ሰው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ያቀረባቸው እሱ ነው። ንጉሡ በ1622 እምነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከሮም ተሹሞ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነው። በየካቲት 1626 እ.ኤ.አ. ደንቀዝ ላይ ሱስንዮስ ለሮም ታዛዥነታቸውን በፊቱ ተንበርክከው ገለጡ። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ዘነበ። አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ቀሳውስቱ እንደገና ይካኑ፣ ግዝረት ይቅር፣ ቅዳሜ አይከበር፤ ሕዝቡም እንደገና ይጠመቅ!

ነገሩ የሚያስቅ ነበር፤ ሰው ባያልቅበት። አልቫሬዝ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ «ጥምቀት አይደገምም» ብሎ የተሟገተባት አገር፣ የእሱው ቤተ ክርስቲያን በላከችው ሰው «ደግማችሁ ተጠመቁ» ተባለች። ከዚህም ይብሳል። ይህ ጥያቄ በሦስተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አፍሪካና ሮምን አጣልቶ ነበር። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስ መናፍቅ ያጠመቀው ሰው አልተጠመቀም፤ ወደ እኛ ሲመጣ ይጠመቅ አለ። የሮሙ ጳጳስ እስጢፋኖስ ግን አይሆንም፤ እጅ ተጭኖበት ይቀበሉት እንጂ ጥምቀቱ አይደገምም አለ። ከጊዜ በኋላ በምዕራቡ ዓለም የረታው የእስጢፋኖስ ሐሳብ ነው። ሜንዴዝ የሮምን ትምህርት አያውቅም ማለት አይቻልም። መውጫ ቀዳዳ ነበረው፤ የሐበሻ ቀሳውስት ሲያጠምቁ በሚሉት ቃል ላይ ጥርጣሬ አለን፤ ስለዚህ «ምናልባት ካልተጠመቅህ» በሚል ሁኔታ እናጠምቅሃለን የሚል። በሕግ ዓይን መልስ አለው። በገበሬው ጆሮ ግን የተሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ክርስቲያን አልነበርክም። አባትህም ክርስቲያን ሳይሆን ሞተ። የቀበርከው ልጅህ በ40 ቀኑ ያገኘው ነገር የለም።

ይህን ለሰው ነግሮ በሰላም ማደር የለም። አመፅ በየቦታው ተቀጣጠለ። በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. በወይና ደጋ ጦርነት የንጉሡ ወገን ድል አደረገ፤ ሜዳው ግን በሬሳ ተሞላ። የወደቁት ከሌላ አገር የመጡ ጠላቶች እንዳልሆኑ፣ የገዛ ክርስቲያን ሕዝባቸው እንደሆነ ለሱስንዮስ ተነገራቸው ይባላል። ንጉሡ ብዙም ሳይቆዩ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ዐረፉ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጣ። ዛሬ ጎንደር ላይ የጥምቀት በዓል የሚከበረው በእሱ ስም በሚጠራው ጥምቀተ ባሕር ነው። አልቫሬዝ አፋፉ ላይ ቆሞ የተቃወመው ገንዳ በድንጋይ ተገንብቶ ቀረ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዓሉ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ደስ ይለን ነበር። ፈረንጁ ሳይገባው ገባበት፣ እኛ ገብቶን ኖርን ብለን። ግን አይሆንም። ፈረንጆቹ ከወጡ በኋላ «አንድም» የሚሉት የእኛው ሊቃውንት በአንዲት ቃል ተላለቁ። በሐዋርያት ሥራ፣ ከዮሐንስ ጥምቀት ጋር ተያይዞ፣ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ እንደተቀባ ተጽፏል። መቀባት ማለት ምንድን ነው? መቼ ሆነ? ምንስ አደረገ? አንዱ ወገን ቅባት ተባለ፣ ሌላው ጸጋ፣ ሌላው ተዋሕዶ ወይም ካራ። ክርክሩ ከጉባኤ ወጥቶ ከቤተ መንግሥት፣ ከክፍለ አገርና ከገዳማት ፉክክር ጋር ተጋባ። በዐፄ ዳዊት ሦስተኛ ዘመን (1716–1721 እ.ኤ.አ.) የንጉሡን ፍርድ አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ጎንደር ውስጥ በወታደር ተገደሉ። ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃ የተቆረጠው በ1878 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው፤ ያም ቢሆን የተሸነፈው ወገን እንዲቀበል በግድ ነበር። እንግዲህ ሜንዴዝን ስናማ እጃችንን ታጥበን አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው «እኛ ጥሩ፣ እነሱ ክፉ» የሚለውን አይደለም። ማንም ሰው ለምልክት የራሱን ትርጉም መስጠቱ ጥፋት የለበትም። ያለ ትርጉም ምልክት የለም፤ ያለ ትርጉም ውሃ ውሃ ነው። ሁሉም ትርጉም እኩል ነው ማለቴም አይደለም፤ ሃይማኖት ያለው ሰው ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም ማለቱ ያለ ነገር ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው የሌላውን ሰው ምልክት ባለቤቱን ሳንጠይቅ በእኛ መዝገበ ቃላት ስንፈታውና በፈታነው ላይ ስንፈርድ ነው። አልቫሬዝ ቢያንስ ተጠየቀ፣ መለሰ፣ የንጉሡንም መልስ ሳይደብቅ ጻፈው። ለዚህ ነው ዛሬ ሁለቱንም ወገን መስማት የቻልነው። ሜንዴዝ ትእዛዝ ብቻ ነበር የያዘው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን አለ። ልጅ እምነቷን ትለውጣለች፤ አዲሱ ማኅበረሰቧ አምነሽ ተጠመቂ ይላታል፤ ትጠመቃለች። እናት ትሰማለች። የልጅቷ ልብ የሚለው «አሁን በራሴ አፍ መሰከርኩ» ነው። እናት ጆሮ የሚደርሰው ግን ሌላ ነው። በ80 ቀንሽ ታቅፌሽ የሄድኩት ከንቱ ነው፤ ክርስትና እናትሽም ከንቱ ናት፤ ያሰርኩልሽ ማዕተብም ክር ነው። ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን አንድ ማዕድ መቅረብ ይቀራል፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ተለያይቶ መቆም ይመጣል። በተቃራኒውም አለ። ከሌላ እምነት ወደ ኦርቶዶክስ የመጣ ሙሽራ «የቀድሞው አይቆጠርም» ተብሎ ሲጠመቅ ወላጆቹ ከሩቅ ሆነው የሚሰሙት ያንኑ ነው። እናትየዋም ልጅቷም፣ ሙሽራውም ወላጆቹም አንዱ ሌላውን ሊሰድብ አልተነሣም። ውሃው በሁለቱ ቤት የሚናገረው ቋንቋ የተለያየ ስለሆነ ነው። «አንቺ ዘንድ ይህ ምን ማለት ነው?» የምትለዋ አጭር ጥያቄ በጊዜዋ ብትጠየቅ ልዩነቱን አታጠፋውም፤ ስድብ ያልሆነውን ስድብ አድርጎ መስማትን ግን ታስቀር ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን የኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ነው፤ የታሪክ አጥኚዎች አገሩ በናይል ዳር የነበረችው ሜሮኤ ናት ይላሉ፤ እኛ ግን ከጥንት ጀምሮ የራሳችን አድርገን ተቀብለነዋል። ብዙ ጊዜ የሚወሳው ተጠምቆ መሄዱ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን እንመልከት። ሰውየው ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን እያነበበ ነው። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፤ የምታነበው ይገባሃል ወይ አለው። ሰውየውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል አለና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ወጣ። ተቀመጠ። ሰውየው ከደረሰበት ንባብ ጀምሮ አስረዳው። አብረው መንገድ ሄዱ። ወደ ውሃ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ውሃውን አይቶ ልጠመቅ ያለውም ጃንደረባው ራሱ ነው፤ ፊልጶስ አይደለም።